ሥራ የፈታ ሴፕቲክ ታንክ በትክክል የሚዘጋው እንዴት ነው? ማንም ሳይወርድበት፣ ግቢውም ሳይሰምጥ

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ በቀሩ የቆዩ ግቢዎች ከመሬት በታች ያለውን ነገር በደንብ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው። ቤቱን ያሠሩት አልፈዋል፣ ወራሹ ሸጧል፣ ገዢው አከራይቷል። የመጸዳጃው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ ግን እዚያው አለ። አንዳንዱ ግቢ ሁለትና ሦስት አለው። አንዱ ሲሞላ ሌላ ተቆፈረ፣ በፊተኛው ላይ ሊሾ ፈሰሰበት ወይም አፈር ተደፋበት፣ ከዚያ ተረሳ። አሁን ደግሞ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር የሚገናኝ ቤት እየጨመረ ስለሆነ፣ ሥራ የፈታ ሴፕቲክ ታንክም አብሮ እየበዛ ነው።

አብዛኛው ሰው መኪና ጠርቶ ያስመጥጣል፣ ክዳኑን ይመልሳል፣ ከዚያ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። የቆመ ባዶ ጉድጓድ በብዙ መልኩ ከሞላው ይብሳል። ግድግዳውን ከውስጥ ይደግፍ የነበረው ፈሳሽ ስለሌለ አፈሩ ከጎን ይገፋዋል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሶሌታው፣ ማለትም የጉድጓዱ የኮንክሪት ጣሪያ ነው። ከቆሻሻው የሚወጣው ጋዝ በሶሌታው ሆድ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ሲሚንቶውን ይበላዋል፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ይዝጋል። ከላይ ስታዩት ደህና ኮንክሪት ነው፤ ከሥር ግን ፌሮው ተራግፎ የተንጠለጠለበት ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ መኪና እናቆማለን፣ ልብስ እናሰጣለን፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ስለዚህ መዝጋት ማለት ቧንቧውን መቁረጥ፣ ማስመጠጥ፣ ማጽዳት፣ ሶሌታውን ማንሳት፣ ወለሉን መስበር እና በደህና ነገር ጠቅጥቆ መሙላት ነው። አንዱም አይዘለልም።

ከሁሉ በፊት፦ ማንም አይወርድም

ወደ ዶማና አካፋው ከመሄዳችን በፊት ስለ ጋዙ እንነጋገር። ይሄን ክፍል እባካችሁ በችኮላ አትለፉት።

ቆሻሻ ያለ አየር ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል። አንዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። አደገኛነቱ ሽታው ላይ ነው፤ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ አፍንጫችን እሱን ማሽተት ያቆማል። ስለዚህ «ሽታው ጠፋ፣ አሁን ደህና ነው» የሚባልበት ሰዓት ዋናው የአደጋ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከ700 በላይ ከሆነ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛው ሚቴን ነው። ሽታ የለውም፣ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲቀላቀል በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ሦስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኦክስጅኑን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው። ከ19.5 በመቶ በታች የወረደበት ቦታ ለሠራተኛ አደገኛ ተብሎ ይያዛል።

ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም። ዝቃጩ ውስጥ የታሰረ ጋዝ አለ፤ በአካፋ ሲነካካ እንደገና ይወጣል። ከላይ ቆሞ ደህና የነበረ ጉድጓድ ሰው ገብቶ ሲቆፍርበት ይገድላል።

ሻማ አውርዶ መሞከር የሚባለውን ነገር ተዉት። ሚቴን ካለ ሻማው ራሱ ያፈነዳዋል። ሻማው ባይጠፋም ደግሞ ሰልፋይዱ የለም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ሰው የሚገድለው መጠን ሻማ አያጠፋም። አፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማሰር፣ የኮቪድ ጊዜ ማስክ ማድረግ፣ ወተት ጠጥቶ መውረድ፣ አንዳቸውም ጋዙን አያቆሙትም።

በእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። አንዱ ይወድቃል፣ ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፣ ሦስተኛው ይከተላል። በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። አንድ ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ። ገመድ ወርውሩለት፣ ንጹሕ አየር የሚነፋ ነገር ካለ ከላይ ንፉ፣ ወዲያው 939 የእሳትና አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ሥራውን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ከገጠር የመጣ ወጣት፣ የዛሬ ምሳውና የቤት ኪራዩ በእናንተ ክፍያ ላይ የተንጠለጠለ። «ገብተህ ጥረገው» ካላችሁት ይገባል። እሱ እምቢ ማለት አይችልም። እናንተ ግን አይሆንም ማለት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ቃሉ ከእናንተ መውጣት አለበት። ግንበኛው «እኛ ለምደነዋል» ቢላችሁም አትስሙት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ እንዲያልቅ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ሌላው ንጽሕና ነው። ቦት ጫማ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። እንጀራ የሚበላው በእጅ ነውና ሳሙናና ውሃ ከሥራው ቦታ አጠገብ ይቀመጥ። ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ ከጉድጓዱ አካባቢ ይራቅ፤ ቡና የሚፈላ ከሆነ በግቢው ሌላ ጫፍ ይሁን።

ጉድጓዱ በእርግጥ ሥራ ፈቷል?

መሀል ከተማ ላይ ይሄ ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ፣ ተከራዮች፣ ከኋላ የቀበሌ ቤት፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ በድሮ ስምምነት ቧንቧውን የቀጠለ ጎረቤት ሊኖር ይችላል። የእናንተ መጸዳጃ ቤት ወደ አዲሱ መስመር ዞረ ማለት የሁሉም ዞረ ማለት አይደለም። ሳታረጋግጡ ከሞላችሁት የጎረቤት ሽንት ቤት ወደ ኋላ ይገነፍላል፣ ከዚያ ጉዳዩ የሽማግሌ ይሆናል።

መጀመሪያ በሰላም ጠይቁ። «እትዬ፣ የእርስዎ ቧንቧ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ቁፋሮ ያስቀራል። ዕድሜ የገፉ የግቢው ነዋሪዎች ጉድጓዱ መቼ እንደተቆፈረ፣ ሌላ የተደፈነ እንዳለም ያስታውሳሉ። ከዚያ ሙከራ አድርጉ። እያንዳንዱ መጸዳጃ ቤት፣ ገላ መታጠቢያ፣ የእቃ ማጠቢያ በየተራ ኦሞ በደንብ የተመታበት አንድ ባልዲ ውሃ ይልቀቅ። አንድ ሰው ክዳኑ ጋ ራቅ ብሎ ቆሞ አረፋው ይመጣ እንደሆነ በባትሪ ብርሃን ያያል። አንገቱን ወደ ውስጥ አያስገባ። የጎረቤቶቹንም እንዲሁ። አረፋ የመጣበት መስመር ሁሉ ወደ አዲሱ መስመር መዞር አለበት፤ ይሄ ሳይደረግ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ጉድጓዱ ራሱ የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ ከመጸዳጃ ቤቱ የሚወጣውን ቧንቧ ተከተሉ። የመተንፈሻ ቱቦው ይረዳል። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ የሚለመልም ከሆነ እዚያ አካባቢ ፈልጉ። ቀጭን ፌሮ አፈሩ ውስጥ ቀስ እያሉ በመውጋት የሶሌታውን ጠርዝ ማግኘት ይቻላል። ቀስ እያሉ ያልኩት በምክንያት ነው። የውሃ ቧንቧና የመብራት ኬብልም እዚያው ሰፈር ነው ያለው። የውሃ ቧንቧ ከተሰነጠቀ ጉዳቱ ከብክነት ያልፋል፤ ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ የቧንቧው ግፊት ይወርድና በስንጥቁ በኩል ከአፈሩ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል። በሚቀጥለው ፈረቃ ያ ውሃ ወደ ቤት ይመጣል።

ጠርዙ ከተገኘ በኋላ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ከቤቱ ግድግዳ ያለውን ርቀት ለኩና ጻፉ። ጥልቀቱን ከክዳኑ በረጅም እንጨት ለኩ። የጉድጓዱ ከቤቱ መራቅ ከጥልቀቱ ካነሰ፣ ለምሳሌ 2.5 ሜትር ጠልቆ ከግድግዳው በ1.5 ሜትር ላይ ካለ፣ መሐንዲስ ሳያየው አትንኩት። የቤቱ መሠረት በዚያ አፈር ላይ ነው የቆመው። መሀል ከተማ ባሉ ጠባብ ግቢዎች ደግሞ ይሄ የተለመደ ነው።

ፈቃድና ወረቀት

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነፃ ስልክ 906 ነው። በአካባቢያችሁ ያለው ቅርንጫፍ ሄዳችሁ መስመራችሁ መገናኘቱን አረጋግጡ፣ ሴፕቲኩን ልትዘጉ እንደሆነም አሳውቁ። ወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጋ ደግሞ ምን ልትሠሩ እንደሆነ ተናገሩ፤ የማፍረስና የመቆፈር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ደንብ አስከባሪ በር ላይ መቆሙ አይቀርም፣ ያኔ የሚታይ ወረቀት መኖሩ ጥሩ ነው። ቤቱ የቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ ተከራዩ በራሱ ውሳኔ ማፍረስ አይችልም። አከራዩን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ውስጥ ይሁን፤ የበልግ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል፣ የተቆፈረው ጎን ይናዳል፣ ውሃ የማያስገባ የኮንክሪት ታንክ ከሆነ ደግሞ ባዶውን ከአፈሩ ሊነሳ ይችላል።

መስመሩን ማዞርና ማስመጠጥ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አዲሱ መስመር ሥራ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ቧንቧ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይመጠጣል። ተገላብጦ ከተሠራ ያስመጠጣችሁት ጉድጓድ በማግሥቱ ፍሳሽ ይዞ ታገኙታላችሁ።

ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ነው። ወደ ከተማው መስመር ሲዞር በየአንድ ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይሂድ፤ መታጠፊያው ላይ ሁሉ ማንሆል ይኑር። የድሮው የሸክላ ወይም የሲሚንቶ ቱቦ ከሆነ ከጉድጓዱ ውጭ ባለው በኩል ቁረጡና ወደ ጉድጓዱ የቀረውን ጫፍ በኮንክሪት ድፈኑት። ክፍት የቀረ ቱቦ ለአይጥና ለበረሮ አውራ ጎዳና ነው፤ የጋዝና የሽታ መንገድም ይሆናል። የመተንፈሻ ቱቦውን ግን አሁን አትንኩት። እስክትሞሉ ድረስ ይተንፍስበት።

የሚመጥጠውን መኪና ከባለሥልጣኑ ወይም ከግል ማዘዝ ይቻላል። ስትደውሉ የመንገዱን ስፋትና ከመኪናው መቆሚያ እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት ንገሯቸው። በአሮጌ ሰፈሮች ባሉ ቀጭን መንገዶች መኪናው በር ድረስ ስለማይገባ የጎማ ቱቦው መድረስ አለመድረሱ ነው ወሳኙ። ቀኑን ለጎረቤት አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሽታው የሰፈር ነው።

አንድ ጊዜ መምጠጥ አይበቃም። መጀመሪያ ፈሳሹ ይወጣል፣ ከሥር ግን ለዓመታት የተጋገረ ዝቃጭ ይቀራል። እሱን በግፊት ውሃ ከላይ ሆናችሁ ምቱት፣ በረጅም እንጨት አማስሉት፣ እንደገና ይመጠጥ። ይሄን የምታደርጉበት ሰዓት ብዙ ጋዝ የሚወጣበት ነው፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ጉድጓዱ እንዲነፍስ ሆናችሁ ቁሙ፣ ፊታችሁን ከቀዳዳው በላይ አታድርጉ። ሁለት ክፍል ያለው ታንክ ከሆነ ሁለቱም ክፍል ይመጠጥ፤ የሁለተኛው ክዳን ብዙ ጊዜ ከአፈር በታች ተቀብሮ ነው የሚገኘው።

መኪናው የት እንደሚደፋ ጠይቁ። ትክክለኛው መልስ የቃሊቲ ወይም የኮተቤ ማጣሪያ ነው። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስለምታዘቀዝቅ ዋናው የፍሳሽ ማጣሪያ ታች ቃሊቲ ላይ ነው የተሠራው፤ አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ነው የታቀደው። ያ ሁሉ እያለ በሌሊት ቀበና ወይም ግንፍሌ ወንዝ ዳር የሚደፋ ካለ፣ ያ የእናንተ ግቢ ቆሻሻ ነው። ታች ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ ይመጣል። ዋጋ በጣም ቀንሶ የሚጠራችሁን ሰው ደጋግማችሁ ጠይቁት፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ኖራ

ጉድጓዱ ባዶ ሆነ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። የወስፋት እንቁላል እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገኘውን ኖራ በበርሜል በውሃ በጥብጡና ከላይ ሆናችሁ ግድግዳውና ወለሉ ነጭ እስኪለብስ አፍስሱበት። ኖራ የአልካሊነት መጠኑን ወደ 12 ፒኤች ስለሚያደርሰው ነው ብዙዎቹን ተህዋስያን የሚገድለው፤ ስለዚህ በስስት የተነሰነሰ ብናኝ አይሠራም፣ በደንብ መነካት አለበት። ብናኙ ዓይን ያቃጥላል፣ መነጽርና ጓንት ሳይደረግ አይበጥበጥ። አፍስሳችሁ ክፍቱን፣ ዙሪያውን አጥራችሁ፣ አሳድሩት። ልጅ ያለበት ግቢ ከሆነ ክር መወጠር ብቻ አይበቃም፤ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ አቁሙ፣ ሌሊትም መብራት ይኑረው።

ሶሌታውን ማንሳት

ማንም ሰው ሶሌታው ላይ ቆሞ አይስበረው። ከላይ እንዳልኩት ከሥሩ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከዳር፣ ደህና አፈር ላይ ቆማችሁ፣ ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ በጃክሃመር ወይም በትልቅ መዶሻ እየሰበራችሁ ሂዱ። መሀሉ ላይ መድረስ ካስፈለገ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፣ ሠራተኛው ወገቡ ላይ ቀበቶ አስሮ ገመዱ ከጠንካራ ነገር ጋር ይታሰር። ዋጋው ከተቻለና በሩ የሚያስገባ ከሆነ ትንሽ ኤክስካቫተር መከራየት ጥሩ ነው፤ ይሄን ሥራ በግማሽ ቀን ያለ ሰው ጭንቅ ይጨርሰዋል።

የሚሰበረው ኮንክሪት ወደ ውስጥ ቢወድቅ ችግር የለም፣ ግን ትላልቅ ቁርጥራጮች እርስ በርስ ተደጋግፈው ከሥራቸው ባዶ ቦታ ስለሚተዉ ከወደቁ በኋላም ከላይ ሆናችሁ በድጅኖ ይሰባበሩ። ከጡጫ የሚበልጥ ቁራጭ አይቅር። ፌሮውን ቆርጣችሁ አውጡት፤ ቁራሌው ይገዛችኋል። ግድግዳውን ደግሞ ከመሬቱ ገጽ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል እስከ አንድ ሜትር ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ አፍርሱ። ዛፍ ለመትከልም ሆነ አዲስ ቧንቧ ለመቅበር በኋላ ይመቻችኋል።

ወለሉ ውሃ መያዝ የለበትም

ወለሉ ሳይሰበር ከተሞላ ጉድጓዱ ከመሬት በታች የተቀመጠ ገንዳ ይሆናል። የክረምቱ ውሃ ይገባል፣ አይወጣም፣ የሞላችሁት አፈር ይላቁጥና ይሰምጣል።

መጀመሪያ ሞክሩት። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ውሃ ልቀቁበትና በማግሥቱ እዩ። ብዙዎቹ የድሮ የድንጋይ ጉድጓዶች ወለላቸው ስለሚያፈስ ውሃው ሰርጎ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ መስበር አያስፈልግም። ውሃው እዚያው ከቆየ አስመጥጡትና ከላይ ሆናችሁ በረጅምና ከባድ ብረት፣ ኤክስካቫተር ካለ ደግሞ በሰባሪው፣ ቢያንስ አራት አምስት ቦታ ቀዳዳ ክፈቱ። ፌሮ ያለበት ወፍራም ወለል ሆኖ ከላይ እምቢ ካለ ሰው አውርዳችሁ አታስሰብሩ። በዚያ ፋንታ ሲ5 በሚባለው ቀጭን ኮንክሪት ሙሉት። ሲሚንቶ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እሱ ውሃ ቢገባበትም አይሰምጥም።

መሙላት

በግቢው ያለ ቆሻሻ ሁሉ ወደዚህ እንዳይገባ ተከላከሉ። የተሰበረ ቁም ሣጥን፣ የድሮ ፍራሽ፣ ፌስታል፣ የዛፍ ግንድ፣ ሁሉም ሰው የሚጥለው ነገር ያገኛል። የሚበሰብስ ነገር ሲበሰብስ ቦታ ይለቃል፣ ከላይ ያለው ይሰምጣል። ጥቁር አፈርም አይሁን። መረሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የአዲስ አበባን ስንት አጥር የሰነጠቀ አፈር ነው።

ታችኛውን ክፍል፣ ከላይ አንድ ሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ፣ በጠጠር ሙሉት። 02 የሚባለው ጠጠር ጥሩ ነው። ጠጠር የመረጥኩት ስለሚረክስ አይደለም፣ አይረክስም። ከላይ ሲፈስ በራሱ ስለሚጠጋጋ ሰው ገብቶ እንዲጠቀጥቀው አይፈልግም፣ ውሃም ያሳልፋል። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በረጅም እንጨት ወይም ብረት ከላይ ውጉት። ንጹሑን የሶሌታ ስብርባሪ ከጠጠሩ ጋር እየደባለቃችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ወጪም ይቀንሳል።

ጠጠሩ ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ አንጥፉ። ካልተገኘ ደቃቁን 00 ጠጠርና ከላዩ አሸዋ በስሱ ደርድሩ። ይሄ ከሌለ ከላይ የምትሞሉት ደቃቅ አፈር በዝናብ እየታጠበ በጠጠሩ መሀል ይወርዳል፣ ከዓመት በኋላ መሬቱ ይጎደጉዳል።

የቀረው አንድ ሜትር በገረጋንቲ፣ ማለትም ለሙሊት በሚሆን ጠጠራማ አፈር ይሞላል። አሁን ሶሌታው ተነሥቷል፣ ሁሉም ነገር ለሰማይ ክፍት ነው፣ ከሥር ደግሞ ንጹሕ ሙሊት አለ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆሞ መጠቅጠቅ ይቻላል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ሙሉ፣ ትንሽ ውሃ ርጩበት፣ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ቀጣዩን። በአንድ ጊዜ ደፍቶ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ዋጋ የለውም፤ መሣሪያው ከዚያ በታች አይደርስም። ገረጋንቲው በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ግን እጅ ላይ ጭቃ የማይተው ያህል ይርጠብ።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ጉድጓዱ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ቢሆን በጠቅላላ 15 ሜትር ኩብ ነው። ታችኛው 1.5 ሜትር 9 ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈልጋል፣ ከስብርባሪው የተቀነሰው ሲቀር። የላይኛው አንድ ሜትር 6 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 7.5 ወይም 8 እዘዙ። ጠባብ መንገድ ውስጥ ከሆናችሁ ሲኖትራክ አይገባም፣ አይሱዙ ያስፈልጋል፤ ያም ካልገባ ከአስፋልቱ ዳር ተራግፎ በባሬላ ይመጣል። ከባድ መኪና ወደ መሀል ከተማ የማይገባበት ሰዓት ስላለ የሚራገፍበትን ሰዓት ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩ፣ ተሸካሚዎቹም ያኔ ዝግጁ ይሁኑ። መንገድ ላይ ያደረ ጠጠር ቅጣት ያመጣል።

የመተንፈሻ ቱቦውን አሁን ቁረጡና ጠጠርና ኮንክሪት ሙሉበት። ከታንኩ አጠገብ ፍሳሹን ወደ አፈር የሚያሰርግ ማስረጊያ ጉድጓድ ካለ እሱም በዚሁ መንገድ ይመጠጣል፣ ኖራ ይፈስበታል፣ ይሞላል። በደረቅ ድንጋይ የተካበ ስለሆነ ጎኑ በቀላሉ ይናዳል፤ ዙሪያውን አንድ ሁለት ሜትር ያህል ማንም አይቅረብ።

ከላዩ ምን ይሠራ?

አትክልት ለመትከል ከሆነ የመጨረሻው 30 ሳንቲ ሜትር ቀይ አፈር ይሁን። ጽጌረዳ፣ ጤናዳም፣ ሣር ችግር የለውም። ሰላጣና ካሮት ግን እዚህ ቦታ ላይ አታልሙ።

ክፍል ቤት፣ ሰርቪስም ቢሆን፣ ልትሠሩበት ካሰባችሁ ይሄ ሁሉ መሙላት አይበቃም። ግድግዳውም ወለሉም ሙሉ በሙሉ ተቆፍሮ ይውጣ፣ ከሥሩ ያልተነካካ አፈር እስኪገኝ ይቆፈር፣ ከዚያ መሐንዲሱ በሚለው መሠረት ይሞላ። ግማሹ መሠረት በሙሊት ላይ ግማሹ በጥሬ አፈር ላይ ያረፈ ቤት ይሰነጠቃል። ባዶውን ታንክ ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ማድረግ የሚያስቡም አሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሐሳቡ ይገባኛል፣ ግን ለመጠጥም፣ ለማብሰልም፣ ለልጅ ገላም የማይሆን ውሃ ነው የምታጠራቅሙት። አንድ ቀን እንግዳ ወይም ልጅ ይቀዳዋል። ሮቶ ግዙ።

ላዩ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ አንሡ፣ ከቤቱ ሁለት ማዕዘን ያለውን ርቀት የሚያሳይ ቀላል ሥዕል ሥሩና ከመኪናው ደረሰኝ ጋር ካርታው ያለበት ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። ቤቱ ሲሸጥ ለገዢው ይሰጥ።

የላይኛውን ገጽ ከአካባቢው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ የቤቱ ጣሪያ ውሃም ወደዚያ እንዳይፈስ አሸንዳውን አዙሩ። በደንብ ቢጠቀጠቅም የመጀመሪያው ክረምት ትንሽ ያወርደዋል። መስከረም ላይ የጎደጎደውን ገረጋንቲ ጨምራችሁ እንደገና ጠቅጥቁ። መኪና ለማቆም የፈለጋችሁ ከሆነ ሊሾውን ወይም ኮብሉን አትቸኩሉበት፤ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መሬቱ ካልወረደ ያኔ አስነጥፉ።